መሰጠኝ ወይስ አፈዘዘኝ?

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነው። ሶፋው ላይ ስልክ ታቅፎ ተቀምጧል፤ አፉ ገርበብ ብሏል፣ የጎረሰው ዳቦ ሳይታኘክ ጉንጩ ውስጥ ቀርቷል። እናቴ ሁለቴ ጠራችው። ወይ የለም።

«ይሄ ልጅ ፈዘዘብኝ እኮ!»

«ተመስጦ ነው፣ እማዬ።»

«የምን ተመስጦ? አፍዝ አደንግዝ ነው እንጂ!»

እሷ ረስታዋለች፤ እኔ ግን ይኸው እስካሁን አመነዥገዋለሁ። ደስ ላለን ነገር የምንሰጣቸው ቃላት ለካ አብዛኞቹ የዘረፋ ናቸው። «ድምፅዋ ማረከኝ» ያለ ሰው ምርኮኛ ነኝ እያለ ነው፣ የጦር ሜዳ ቃል። «ቀልቤን ሳበው» ያለው ልቡ ተጎትቷል፤ ቀልብ በዐረብኛ ልብ ነውና። «መሰጠኝ» ደግሞ ጨዋ መስሎ ይሸውዳል። በግዕዝ መሠጠ ማለት ነጠቀ ነው፤ «ተኵላ መሣጢ» ነጣቂ ተኩላ።

ግን ነጠቃም ከነጠቃ ይለያል። በሁዳዴ በገና ሲደረደር ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ተነጥቆ የሚደርስበት ቦታ አለው፤ ሲመለስም ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። የፈዘዘ ሰው የትም አልሄደም። እዚያው ተቀምጦ ነው የጠፋው።

አፍዝ አደንግዝ ሲወራ ታክሲ ውስጥ የማትሰሙት የለም፦ አንዱ መጥቶ መንገድ ጠየቃት፣ ከዚያ ሐብሏን በገዛ እጇ አውልቃ ሰጠችው። መድኃኒቱ ይኑር አይኑር ሌላ ጉዳይ ነው (እኔ አላምንበትም)። ከታሪኩ የሚከነክነኝ «በገዛ እጇ» የምትለዋ ናት። ትናንት እስከ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ቲክቶክ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ስገፋ ያመሸሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘኝም።

እናቴ ስልኩን ቀምታ ልጁን በነጠላ አዘለችው። አለቀሰ፣ ጀርባዋን በቡጢ መታ። እሷ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች እሹሩሩዋን ቀጠለች፣ በእጇ ቂጡን መታ መታ እያደረገች። ይሄም ማፍዘዝ አይደል ወይ ልላት አሰብኩና ተውኩት። ለትልቅ ሰው «እሹሩሩ አትበለው» ሲባል አታሞላቅቀው ማለት ነው፤ ለልጅ ግን ሥራው ሌላ ነው። ዓይኑ ተስለመለመ፣ አንገቱ ዘንበል አለ፣ ለሃጩ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ተኛ። እሷ ግን መወዛወዟን አልተወችም።

ስልኩ ሶፋው ላይ እንደበራ ነው። አንዲት ድመት ከበሮ ትመታለች። ላጠፋው አነሳሁትና እስከ መጨረሻው አየሁት።