«እገሌ ልኮኝ ነው»

በእኛ አገር አንድ ነገር የቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ዋጋ አይደለም፤ ሰው ነው። «ጥሩ ልብስ ሰፊ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀውም ሱቁን ካመለከተ በኋላ አንዲት ቃል ያክላል፤ «እገሌ ልኮኝ ነው በለው» ይላል። በዚህች አጭር ቃል ሦስት ሰዎች ይተሳሰራሉ። የተላከው ዋጋ ይቀነስለታል፤ ባይቀነስለትም አይታለልም። ሰፊው ደንበኛ ያገኛል። ላኪውም ዛሬ ባይሆን ነገ፣ በገንዘብ ባይሆን በከበሬታ ድርሻው አይቀርበትም። ልብሱ ተበላሽቶ የተሰፋ እንደሆነ ግን ወቀሳው በሰፊው ላይ ብቻ አያርፍም። «አንተ አይደለህም ወይ የላክኸኝ!» የሚባል ነገር አለ።

ይህን ያስቀደምሁት ከዛሬዎቹ ቪዲዮ ሠሪዎች አፍ ስለማይጠፋው «ፕሮሞ ኮድ» ጥቂት ለማለት ስለፈለግሁ ነው። ለማያውቁት አንባቢያን ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዱ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው። አንድ ኩባንያ ወይም ሆቴል ለአንድ ቪዲዮ ሠሪ በስሙ ይሰጠዋል፤ እሱም ለተመልካቾቹ ይናገራል። ተመልካቹ ዕቃ ሲገዛ ወይም አልጋ ሲይዝ ኮዱን ያስገባል፤ ከዋጋው ላይ እንበል 10 በመቶ ይቀነስለታል። ሻጩም ገዢውን ማን እንደላከው በኮዱ ያውቃልና ለላኪው የተስማሙበትን ኮሚሽን ይከፍለዋል። ታዲያ ይህ በቁጥር የተጻፈ «እገሌ ልኮኝ ነው» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በፈረንጅ አገር የዚህ ነገር የዘር ሐረግ ከሁለት ወገን ይመዘዛል። ኮካ ኮላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድል ነበር። ያ ወረቀት ለጠጪው ጥቅም ሲኖረው ላኪ ግን አልነበረውም። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ገዢ ለሚልኩለት ድረ ገጾች ኮሚሽን መክፈል ጀመረ፤ በዚህም የላኪው ስም ከሽያጩ ጋር ተያያዘ። ፕሮሞ ኮድ ቅናሹን ከአንደኛው፣ ላኪውን ከሌላኛው የወረሰ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እኔን ስለዚህ ጉዳይ በብርቱ እንዳስብ ያደረገኝ ግን የአሸተን ማርያም መንገድ ነው። መቼም ሰው በሰው ምስክርነት ሲሄድበት የኖረ ከተማ ቢባል ላሊበላን የሚቀድም ያለ አይመስለኝም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢው አያምነኝም ብሎ ሰግቶ በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። መጽሐፉ የታተመው በ1540 ነው። አልቫሬዝ በላሊበላ ስም የተቀበለው ኮሚሽን አልነበረም፤ የፈራው አለመታመንን ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ዩኔስኮ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከዚያ ወዲህ አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ጫማ ጠባቂው፣ ባለ ሆቴሉ በእንግዳ እግር የሚተዳደር ሆነ። እንግዳውን ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ሆቴል ላደረሰ ልጅ በእጁ ሸጎጥ የምትደረግለት ነገር ነበረች። መዝገብ አልነበራትም፤ ባለ ሆቴሉ ግን ማን እንዳመጣለት በዓይኑ ያይ ነበር።

እንግዳው ግን ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ዘለቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። አሸተንን ሊያሳየኝ መንገድ የመራኝ ወጣት በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አስጎብኚነቱ አላበላ ሲለው ስልኩን አውጥቶ አገሩን በቪዲዮ ለዓለም ማሳየት የጀመረ ነው።

ላሊበላ ከተማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሸተን ማርያም ከ3000 በላይ ናት። ሁለት ሰዓት ያህል ዳገት ያስወጣል። ትውፊት ሥራዋን ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም ጋር ያያይዛል። ወደ ደብሯ ሲቃረቡ መንገዱ በተሰነጠቀ አለት መካከል ያልፋል፤ እዚያ ላይ የከተማ ሰው ልቡ በጆሮው ውስጥ ይመታል። ወጣቱ ቆሞ እስክተነፍስ እየጠበቀኝ አጫወተኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ቪዲዮዬን አይቶ ከአዲስ አበባ መጣ። መንገድ ላይ በስሜ ጠራኝ። ያረፈበትን ሆቴል በቪዲዮዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሄጄ ብነግራቸው ‹በቪዲዮ የመጣ እንግዳ አናውቅም› አሉኝ።»

የልጁ ነገር ገባኝ። ቀድሞ እንግዳ በእጅ ተይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን ከስልክ ውስጥ ይመጣል፤ የላኪው እጅ አይታይም። የራስ ኮድ የሚባለው ነገር ሥራው ይኸው ነው፤ የማይታየውን እጅ ማሳየት። ይህንኑ ነገርሁት። ከኋላችን በቅሎ እየሳቡ የሚወጡ ሽማግሌ ይሰሙን ኖሯል።

«አንተ ልጅ፣ ከከፈሉህ ወዲያስ ይችን ስንጥቅ ሰፊ ናት ትል ይሆን?» አሉት።

ልጁ ሳቀ፤ ቆየት ብሎም «አልልም አያ» አለ።

«እንግዲያማ ይክፈሉህ» ብለው በቅሏቸውን ስበው አለፉን።

እኔም ያን ቀን የምሰጠውን ምክር ከሁለት ከፈልሁት፤ አንደኛው የባለ ኮዱ መብት፣ ሁለተኛው የሽማግሌው ጥያቄ።

ከመብቱ ልጀምር። ኮድ ተቀምጠው ሲጠብቁት አይመጣም፤ ይጠየቃል። ትልልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች በድረ ገጻቸው ላይ ማመልከቻ አላቸው፤ ሞልቶ የተፈቀደለት ኮዱን ይቀበላል። የላሊበላ ሆቴል ግን ማመልከቻ የለውም፤ ባለቤቱን በአካል ማነጋገር ያስፈልጋል። ሲሄዱ የተመልካቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከየት እንደሚያይ ማሳየት ይገባል፤ ዩቲዩብም ሆነ ቲክቶክ ለባለቤቱ ይህን ይነግረዋል። ለመሣቅ ከሚያይ መቶ ሺሕ ሰው ይልቅ ለገና ላሊበላ ለመሄድ የሚያስብ ሦስት መቶ ሰው ለባለ ሆቴል ይበልጥበታል።

ከዚያ ውሉ በወረቀት ይስፈር። ለእንግዳው ስንት ይቀነሳል? ለላኪው ስንት ይደርሳል? የሚከፈለው አልጋ ሲያዝ ነው ወይስ እንግዳው አድሮ ሲሄድ? የቀረ እንግዳ እንዴት ይቆጠራል? ኮዱ እስከ መቼ ይሠራል? ሂሳቡስ በስንት ጊዜ ይታሰባል? አከፋፈሉ ዛሬ አያስቸግርም፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለጥቂት መቶ ብር ባንክ መሰለፍ ቀርቷል።

ኮዱ ራሱ አጭርና በጆሮ የሚያዝ ይሁን። ዜሮ ቁጥርና ኦ የሚባለው የላቲን ፊደል የሚምታቱበት ኮድ በስልክ ሲነገር ይጠፋል። ለዩቲዩብ አንድ፣ ለቲክቶክ ሌላ ኮድ መያዝ እንግዳው የመጣው ከየትኛው እንደሆነ ያስለያል። ይፋ ከማድረግ በፊት እንደሚሠራ መሞከር፣ በቪዲዮው ውስጥ በቃል መናገር፣ ከሥሩ መጻፍ፣ የቅናሹን መጠንና የሚያበቃበትን ቀን መግለጽ የባለ ኮዱ ሥራ ነው። አልጋ በኢንተርኔት በማይያዝበት ሆቴል እንግዳው ኮዱን በስልክ ወይም እንግዳ መቀበያው ላይ ይናገራል፤ እዚያ ያለችው ልጅ መዝገቧ ላይ ካልጻፈችው ኮዱ ሞተ ማለት ነው።

«ሊንክ እያለ ኮድ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ሊንክ የተጫነው ሰው ከማን እንደመጣ የሚታወቀው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ በምትቀር ምልክት ነው፤ ዕድሜዋም አጭር ነው፤ አማዞን በተለምዶ የሚቆጥረው 24 ሰዓት ብቻ ነው። ወደ ላስታ የሚሄድ ሰው ግን ወራት ያስባል። ኮድ ቃል ስለሆነ ይታወሳል፤ ለጎረቤትም ይነገራል።

ላኪነት እንደሚነጠቅም ማወቅ ደግ ነው። ፔይፓል እ.ኤ.አ. በ2020 በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የገዛው «ሃኒ» የተባለ የቅናሽ ኮድ ፈላጊ አለ። በታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዩቲዩበር፣ ይህ መሣሪያ ገዢው ሊከፍል ሲል የቪዲዮ ሠሪውን ምልክት በራሱ እየተካ ኮሚሽኑን ይወስዳል ሲል ከሰሰው፤ ሌሎች ቪዲዮ ሠሪዎችም ፍርድ ቤት ሄዱ። ኩባንያው የሙያውን ደንብ ተከትያለሁ ብሏል። ክርክሩ የማንም ይሁን የማን፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ደጃፍ ላይ ቆሞ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» የሚል ሰው በላሊበላ አውቶቡስ መናኸሪያም እንግዳ አይደለም።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ። በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽኑ፣ ስለ አንድ ዕቃ ተከፍሎት የሚመሰክር ሰው መከፈሉን በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃል፤ ዩቲዩብም ለተከፈለበት ቪዲዮ ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለው። ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጨዋ ሰው ወደ ወንድሙ ሱቅ ሲልከን «ወንድሜ ነው፤ ቢሆንም ሥራው ጥሩ ነው» ይለናል። «ከዚህ ሆቴል ኮሚሽን አገኛለሁ፤ እኔም አድሬበት አይቼዋለሁ» ማለት የዚያው ወንድም ነው። ሰሚው ይህን ሲሰማ ይሸሻል ብሎ የሚፈራ አለ፤ እኔ ግን ዝምድናውን ደብቆ የላከንን ሰው እንጂ ተናግሮ የላከንን ስንቀየም አላየሁም።

ድንበርም ሊኖረው ይገባል። አልጋ ኮድ ይኑረው፤ መኪናና በቅሎም ይኑራቸው። የአሸተን ካህናት የሚያሳዩት መስቀልና ብራና ግን የማንም ቅናሽ ማሻሻጫ አይሁን። ዳገቱም እንዲሁ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት «መንገዱ ቀላል ነው፤ ኮዴን ተጠቀሙ» የሚል ቪዲዮ አይታ ብትመጣ፣ ከበቅሎ ኪራይ የተቀነሰላት ገንዘብ በስንጥቁ መካከል የሚያጥራትን ትንፋሽ አይመልስላትም። ልጁም ከዚያ ወዲህ ስሙን ይዞ የትም አይደርስ።

ሁለቱ ምክሮች እርስ በርሳቸው አይጣሉም። እውነቱን የሚናገር ልጅ ድርሻውን ካላገኘ ሥራውን ይተዋል፤ ቦታውንም ስንጥቁን ሰፊ የሚለው ይይዘዋል። ስለዚህ የመጨረሻ ቃሌ በላስታ ሆቴል ላላችሁ ሁሉ ነው። እንግዳ መመዝገቢያችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ የመጣውንም ሰው ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት «ማን ላከዎት?» ብላችሁ ጠይቁት።