ክንድን ስለ ማሞቅ

የሜዳ ቴኒስ ራኬት ክብደቱ 300 ግራም ያህል ነው። ይህን የሚያህል ቀላል ዕቃ ክንድ ይጎዳል ቢሉት የሚያምን ጥቂት ነው። ሆኖም ክርን የሚታመመው በአንድ ምት አይደለም፤ ያልተዘጋጀ ጅማት ሺህ ጊዜ ሲደክም ነው። አብሮኝ ይጫወት የነበረ ጓደኛዬን ዛሬ ብዕር ሲይዝ እንኳ ያመዋል፤ ፈተናችንም ቀርቧል።

እኔ ከጨዋታ በፊት ጥቂት እሮጥና ራኬቱን ከነልባሱ፣ አንድ ኳስ ጨምሬበት፣ ቀስ ብዬ አወዛውዛለሁ። ልባሱን ሳወልቅ እንደ ላባ ይቀልለኛል። መቅለሉ ግን ምቱን ያፈጥናል ማለት አይደለም፤ ጥቅሙ ጡንቻን ማሞቁና ጅማትን ማለማመዱ ነው። ክብደቱም በአንድ ቀን አይበዛም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሳትሞቁ ሜዳ አትግቡ።