ዋጋው ስንት ነው?

መርካቶ ውስጥ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ካያችሁ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ገንዘቡ የራሱ አይደለም። በእኛ ሰፈር፣ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ ለአንዲት ሻሽ ሦስት ሱቅ ይዞራል። "የመጨረሻው ስንት ነው?" ይባላል። የመጨረሻው ከተነገረ በኋላም "እሱስ ይሁን፣ የእውነቱን ንገረኝ" ይባላል። ሻጩም አይቀየምም። ዋጋ መጠየቅ እዚህ ወግ ነው።

ይኸው ሰው ታሞ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ግን አንደበቱ ይያዛል። ሐኪሙ ወረቀት ላይ "ኤምአርአይ" ብሎ ሲጽፍለት መልሱ "እሺ ዶክተር" ብቻ ነው። ለምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደሚፈለግበት፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ... ምኑንም አይጠይቅም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከበሩ ሲወጣ ነው። ወይ ያለችውን ሸጦ ይከፍላል፤ ወይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ሁለቱንም እዚሁ ሰፈሬ አይቻለሁ፤ ያውም በአንድ ዓይነት ሕመም፣ በወገብ።

አንደኛዋ የጨርቅ ነጋዴ ናት። ወገቧን ካመማት ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው። ጅዳ ያለው ወንድሟ በስልክ "ብር ችግር የለም፣ ትልቁን ምርመራ ተነሺ" አላት። ተነሳች። ውጤቱ ላይ "ዲስክ" የሚል ቃል ተገኘ። ከዚያ በኋላማ ወሬው ሌላ ሆነ። "ዲስኳ ተንሸራቷል"፣ "ኦፕራሲዮን ካልሆነች ሽባ መሆኗ ነው"፣ "ባንኮክ ካልሄደች እንጃ"... ሱቋን ለመሸጥ ደላላ እስከማነጋገር ደርሳ ነበር። እንደ እድል ሆኖ የሄደችበት ሌላ ሐኪም ፊልሙን ከማየቱ በፊት እሷን አያት። አስቆማት፣ አስኬዳት፣ ጉልበቷን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገ። "እትዬ፣ ይኼ በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው። አይተኙ፣ ይንቀሳቀሱ" ብሎ ማስታገሻ ጻፈላት። በወር ተኩሏ ሱቋ ውስጥ ቆማ በዋጋ ስትከራከር አገኘኋት።

ሐኪሙ የነገራት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸው ሰዎች ፎቶ ሲነሱ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት 37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 96 በመቶው ዲስካቸው አርጅቶ ይታያል። እንደ ሽበት በሉት። ሽበት ስላለው ራሱን ታመመ የሚባል ሰው የለም። የሕክምና መመሪያዎችም አደገኛ ምልክት የሌለው የወገብ ሕመም ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ገደማ ያለ ፎቶ እንዲታከም ይመክራሉ፤ አብዛኛው በዚያው ይሻለዋል።

ሁለተኛው ተሸካሚ ነው፤ ከጭነት መኪና ኩንታል ሲያወርድ የሚውል። ወገቡን ለወራት አሞታል። ሌሊት ያልበዋል፣ ከስቷል፣ በኋላም እግሩ መዛል ጀመረ። ሐኪሙ ኤምአርአይ አዘዘለት። የመንግሥቱ ወረፋ ሩቅ ነው ተባለ፤ የግሉን ዋጋ ደግሞ ከአንድ ዘበኛ ሰማ። ወረቀቱን አጠፈ። "እቁቤ ሲደርሰኝ" አለ። እቁቡ ደረሰው፤ ግን በዚያን ጊዜ ዕድሜ ልኩን የሰው ዕቃ ሲሸከም የኖረውን ሰው እሱን ተሸክመው ነው ያስገቡት። ሕመሙ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። የቲቢ መድኃኒት በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። መድኃኒቱ በነፃ፣ መድኃኒቱ ጋ የሚያደርሰው ፎቶ ግን በሺዎች! ሰውዬው ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ኩንታል ግን አበቃ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ዓይነት ሕመም፣ አንድ ዓይነት ማሽን። እሷ የማያስፈልጋትን ፎቶ ከፍላ ተነሳች፤ እሱ የሚያስፈልገውን ሳይነሳ ቆየ። እሷ "ለምን?" ብትል ገንዘቧ ይተርፍ ነበር። እሱ "ዶክተር፣ አቅሜ አይችልም፤ ስንት ቀን ልቆይ እችላለሁ?" ቢል ምናልባት እግሩ። እርግጥ ነው፣ ጥያቄ የሚመልስ ጊዜ ያለው ሐኪምም ያስፈልጋል። ኮሪደሩ ሞልቶ እየጠበቀው "ሌላ ጥያቄ አለ?" የሚል ሐኪም ማግኘት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሐኪሙ ስለ ኪሳችን የሚያውቀው እኛ ስንነግረው ብቻ ነው።

የወገብ ሕመም ላይ ለነገ የማይባሉትን ምልክቶች እዚህ ላይ ልዘርዝራቸው፦ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ቀደም ሲል ካንሰር ኖሮ ከሆነ፣ ከባድ አደጋ ወይም መውደቅ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እቁብ አይጠበቅም፤ ተበድሮም ቢሆን፣ ለምኖም ቢሆን ነው።

ለመሆኑ ይኼ ፎቶ ለምን ተወደደ? ራጅን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ጀርመናዊው ሮንትገን ግኝቱን በባለቤትነት አላስመዘገበም፤ ለሁሉም ይሁን ብሎ ተወው። በዓመቱ፣ ከዐድዋ ጦርነት ጥቂት ወራት በኋላ፣ ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ የጣሊያን ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት በራጅ ተፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ያ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። "ራጅ" የሚለውንም ቃል ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። ያኔ ጥይቱን አቀባዮች እኛ ነበርን፤ ዛሬ ፎቶውን ገዢዎች ሆነናል።

ኤምአርአይ ግን እንደ ራጅ አይደለም። በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው ማግኔት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። በሽተኛ ኖረም አልኖረም ማቀዝቀዣው ቀን ከሌሊት ይሠራል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል። ማሽኑ፣ መለዋወጫው፣ ጠጋኙ ሁሉ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የት እንደወጣ ደግሞ ለመርካቶ ሰው አይነገረውም።

ስለዚህ ውድነቱ ምክንያት አለው። ምክንያት አለው ማለት ግን አይጠየቅም ማለት አይደለም። ለሐኪሙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ይኼ ፎቶ ምን ሲገኝበት ሕክምናዬ ይለወጣል? በተራ ራጅ ወይም በአልትራሳውንድ የሚታይ ነገር ነው ወይ? ብቆይ ምን እሆናለሁ? ከሦስቱ መልሶች በኋላ ወረቀቱ የሚታጠፍ ወይም የማይታጠፍ መሆኑ ይታወቃል።

ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። "ኤምአርአይ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ "ጨርቅ ስንት ነው?" እንደማለት ነው። የትኛው የሰውነት ክፍል? አንገትና ወገብ ሁለት ምርመራ ነው፤ ሁለት ሒሳብ ነው። ኮንትራስት የሚሉት፣ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት፣ አለበት ወይስ የለበትም? ካለበት ቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የሐኪሙ ንባብ፣ ፊልሙ ወይም ሲዲው በዋጋው ውስጥ ናቸው? ጠቅላላውን ካወቁ በኋላ ሁለት ሦስት ቦታ መደወል ነው። ሻሽ እንኳ ሦስት ሱቅ ይዞራል አላልኩም?

ፊልሙንና ሲዲውን አትጣሉ። ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዞሩ አሮጌውን ይዞ ያልሄደ ሰው "እንደገና ተነሳ" ይባላል። ሁለተኛው ክፍያ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ሲቲ ስካን ከሆነ የሚሰጠው ጨረር ከአንድ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ኤምአርአይ በበኩሉ እንዲህ ያለ ጨረር የለውም፤ ሰውነቱ ውስጥ የልብ ማሽን ወይም ብረት ያለበት ሰው ግን ቀድሞ መናገር አለበት።

ይኼ ጥያቄ የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ ነው። እኛም አገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ አድጓል። ደሞዝተኛ ላልሆነ እንደ ተሸካሚው ላለ ሰው የታሰበ ነው። ግን ሲታመሙ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ መመዝገቢያና ማደሻ ወቅት አለው፤ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ወረቀት ነው የሚኬደው። ምንም ለሌለው የነፃ ሕክምና ወረቀት አለ፤ እሱም የሚጠየቀው ወረዳ ነው። ጠይቆ ያላገኘ ብዙ ነው፤ ሳይጠይቅ የቀረም እንዲሁ።

የሰፈራችን ሰው ደግሞ ለጋስ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በመስጊዱ በር፣ በበዓሉ ቀን በራጉኤል ደጅ፣ የራጅ ፊልሙን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ለሚለምን ሰው ኪሱን ሳይዳብስ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ችግሩ ልግስናችን የሚደርሰው ሰውዬው ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። እድራችንን ተመልከቱ። ለከፈኑ፣ ለድንኳኑ፣ ለወንበሩ በየወሩ እናዋጣለን፤ ያልከፈለ ይቀጣል። ከዚያው መዋጮ ላይ ጥቂት ቆርጦ "ለምርመራ" የሚል መዝገብ መክፈት፣ የአባላቱን የጤና መድኅን ክፍያ በወቅቱ መሰብሰብ፣ ምን ይከብዳል?

ያ ተሸካሚ የእድር አባል ነው። አንድም ወር አላሳለፈም። ያን ጊዜ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከልለት ነበር።