የሚወርድ ብሬከር
(ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 2015)

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ
ውርጭ። የጓሮው ሣር ነጭ ለብሶ አደረ። ሊጡ በዚህ ብርድ ለመኮምጠጥ ይለግማል፤ አዲስ አበባ ቢሆን ይሄኔ ገንፍሎ ነበር። እንደምንም አብሲት ጥዬበት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ምጣዱ ጋለ፣ አሰስኩ፣ ጀመርኩ። ጥቂት እንደጋገርኩ የምጣዱ ቀይ መብራት ድርግም። የቤቱ አለ። ብሬከሩ ወርዷል። ምጣዱ ላይ የነበረችው እንጀራ ግማሽ ጎኗ ዓይን አውጥቷል፣ ግማሹ ሊጥ ነው። ብሬከሩን መለስኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወረደ። የተረፈውን ሊጥ ከደንኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ
ከሰዓት እመጣለሁ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አልመጣም። ነፋስ ብቻ።
ሾርት አይመስለኝም። ሾርት ቢሆን ገና ሲከፈት ይጥል ነበር። ይሄ ሞቆ ነው የሚወርደው። ብሬከሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ አለ፤ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይሞቅና ይታጠፋል፣ ያኔ ይለቃል። ሻጩ ምጣዱን 3,500 ዋት ነው ብሎኛል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር። ብሬከሩም 16። ጫፍ ላይ ነን ማለት ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ
መጣ። ሠራተኛው ልጅ ነው፣ እጁ ግን ሥራ ያውቃል። ሳጥኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሽቦው የሚታሰርበት ብሎን ላልቷል፤ የሽቦው ልባስ ጠቁሯል። የላላ ብሎን ራሱ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ብሬከሩ ይገባል። የጠቆረውን ቆርጦ አዲስ ጫፍ አወጣ፣ በካቻቢቴ አጠበቀ። ምጣዱን ገልብጦ ከጭቃው ሥር ያለውን ሽቦ ለካ፦ 13.6 ኦም። ከቆርቆሮው ጋር የተነካካ የለም። ምጣዱ ጤነኛ ነው አለ።
ከዚያ፦ «እትዬ፣ ይሄን 16 አውጥተን 32 ብናስገባ ይገላግልዎታል።»
እንቢ አልኩ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ግድግዳው ደግሞ እንጨትና ጭቃ። 32 ከገባ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የሚግለው ሽቦው ነው፤ ማንም አያየውም።
«ሁሉም ቤት እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ፣ ትንሽ ከፍቶት። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። መለኪያውን ለጥቂት ቀን ትቶልኝ ሄደ። ደግ ልጅ።

ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ
ማታ 1 ሰዓት ጋገርኩ። አልወረደም! ደስ ሊለኝ ሲል እንጀራውን አየሁት፤ ደረቅ፣ ነጭ፣ ዓይኑ የተጨናበሰ። አክንባሎውን ሳነሣ እንፋሎት እንኳ የለም። ሶኬቱን ለካሁ፦ 188 ቮልት። ሰፈሩ ሁሉ ራት ላይ ነው።
188 ለ13.6 ሲካፈል 14 አምፔር አይሞላም። ሙቀቱም ከ3,500 ወደ 2,600 ዋት ወርዷል። መብራት ሲደክም ምጣዱም ይደክማል፣ ብሬከሩም ያርፋል። ስለዚህ የዛሬው ማስረጃ አይደለም።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ
ሌሊት 11 ሰዓት። 226 ቮልት። እንጀራው አማረ፤ በመጀመሪያው ሰኞ ከጋገርኩት በላይም ጋገርኩ። ከዚያ ወረደ።
ብሎኑ ረድቷል? ምናልባት። ግን ስሌቱ አልገጥም አለኝ። በ226 ምጣዱ 16.6 አምፔር ነው የሚስበው። ጤነኛ የሆነ ባለ 16 ብሬከር 18 አምፔር አንድ ሰዓት ሙሉ መሸከም አለበት። ወይ አርጅቷል፣ ወይ ሌላ የሚጎትት ነገር አለ።

ታኅሣሥ 15፣ ቅዳሜ
አንኮበር፣ እማዬ ጋ። መንገዱ ዳር ጭላዳዎች ሣር ይነቅላሉ፣ ሰው መጣ አልመጣ ጉዳያቸው አይደለም። ከቀትር በኋላ ጉም ከቆላው ወጥቶ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ዋጠው።
እማዬ የብሬከሩን ነገር ሰምታ ሳቀች። «የኔ ምጣድ የሚጠፋው እንጨቱ ሲያልቅ ነው፣ ልጄ።» እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ጭሱ ነው። ወደዚያ አልመለስም።
ገብስ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄድን። ቆሟል። መብራት ስላነሰ ባለቤቱ ሞተሩን አላስነሣም አለ። ምጣዴ በደካማ መብራት እንደሚያርፍ ብነግረው ራሱን ነቀነቀ፦ «ሞተርና ምጣድ አንድ አይደሉም። ሞተር ሲያንሰው አብዝቶ ይጎትታል። አጉረምርሞ አጉረምርሞ ይቃጠላል።» ገብሱን ይዘን ተመለስን።

ታኅሣሥ 17፣ ሰኞ
እንደገና ሌሊት፣ እንደገና ወረደ። ልመልሰው ስወጣ የሰርቪሱ መስኮትም ጨለማ ሆኗል። መለስኩት፤ ሰርቪሱም በራ። አንድ መስመር ላይ ነን!
የሰርቪሱ ተከራይ ተማሪ ነው። በዚህ ብርድ ሌሊት ተነሥቶ የሚታጠብበትን ውኃ ባልዲ ውስጥ በሚነከር ማሞቂያ ያሞቃል። የሱ 1,500 ዋት ቢሆን ወደ 7 አምፔር። ከምጣዱ ጋር 23 አልፎ 24 ሊሞላ ነው። ይሄን 16 አይችለውም፣ ባይችለውም ልክ ነው።
ያለፈው ሳምንት ግን ያሞቅ ነበር? አላውቅም። ፈተና ላይ ነኝ ብሎ ነበር።

ታኅሣሥ 19፣ ረቡዕ
ገብርኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተከራዩን በሩ ላይ አገኘሁት። እንዴት እንደምጀምር ቸገረኝ። ሰው በውርጭ አትታጠብ አይባልም። ሳልጨርስለት እሱ ቀደመኝ፦ «እትዬ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ። ባልዲው ሲሞቅ ነው የሚጠፋው።» እስካሁን የኔ ምጣድ ነው ብሎ ተቀይሞኝ ኖሯል። ሳቅን። መፍትሔ እስኪገኝ እኔ ስጋግር እሱ አያሞቅም።

ታኅሣሥ 21፣ ዓርብ
ቴክሳስ ያለው የአጎቴ ልጅ ድምፅ ላከ። እንደ ቤት የሚኖሩበት መኪና ገዝቷል፤ ጣራው ላይ ያለው ኤሲ ሊነሣ ሲል ብሬከር ይጥልበታል። መብራቱን በረጅም ቀጭን ገመድ ነው የሚስበው። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ነገር ላክሁለት፦ ቮልቱ ገመዱ ላይ ያልቃል፣ ኮምፕረሰሩ ሞተር ነው፣ ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይጎትታል፤ መጀመሪያ ገመዱን አሳጥርና አወፍር። ይሁን አይሁን ገና አልመለሰልኝም።
ጎረቤቴ ሰምታ፦ «ብርድ ከሆነ የሚፈልገው እዚህ ይምጣ፣ በነፃ ነው።»

ታኅሣሥ 24፣ ሰኞ
የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጅ ተመልሶ መጣ። ለምጣዱ ብቻ አዲስ መስመር ከሳጥኑ ዘረጋ፤ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ለብቻው ባለ 20 ብሬከር። ኧርዝም አሠራሁት፤ የምጣዱ ቆርቆሮ አልፎ አልፎ ይነዝረኝ ነበር። ሰርቪሱ በአሮጌው 16 ቀረ። ገንዘቡ ከገናው ዶሮ ላይ ነው የወጣው። 32ቱን ዳግም አላነሣብኝም።

ታኅሣሥ 27፣ ሐሙስ
የገና እንጀራ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከጧት ጀምሬ ሊጡ እስኪያልቅ ጋገርኩ። ተከራዩ ውኃውን አሞቀ፤ አሙቅ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለሙከራ። አንዱም አልወረደም።
ሶኬቱን ለካሁ፦ 191። ከተማው ሁሉ ለበዓል ምጣድ ላይ ነው። ስለዚህ ዳነ ብዬ አልጽፍም፤ ገና በ226 አልተፈተነም።