ከጌጫ ዱር እስከ ባሮ ወደብ

ከማሻ ወደ ቴፒ የሚሄድ መንገደኛ በመካከሉ ጌጫን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ዝናም አይለየውም። በዱሩ ቀርከሃ፥ በጓሮው እንሰት ይታያል፤ ወደ ቈላው ሲወርዱም ቡናና ኮረሪማ በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ከዚህ ከሸካ ደጋ የሚፈልቀው ውሃ በባሮና በጊሎ አድርጎ ወደ ሶባት፥ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። እኛም የውሃውን መንገድ ተከትለን፥ በባሮ ላይ ይመላለሱ ስለ ነበሩት መርከቦች ለክቡራን አንባቢዎች ጥቂት ልንነግር ወደድን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት አንድ የንግድ ስፍራ እንዲከራይ ፈቀዱ። የቦታውም ልክ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር፥ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፤ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውል፤ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አገዛዝ ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተጻፈ። ስፍራው ጋምቤላ ሆነ፤ ወደቡም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከፈተ።

መርከቦቹ በእንጨት እሳት ውሃ እያፈሉ በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ። ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ የሚደርሱት ግን ባሮ በሞላ ጊዜ፥ ይኸውም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። በጋ ሲሆን ውሃው ይጐድላል፥ አሸዋውም ይገለጣል፤ በጊዜው ያልተመለሰ መርከብ እስከሚመጣው ክረምት መጠበቅ ግዱ ነው። ከጎሬ በቡሬ አድርጎ በበቅሎና በሰው ትከሻ የወረደውን ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ፤ ጨውና አቡጀዲ ያወርዳሉ። የምዕራቡ ባላገር ከሩቅ ዓለም ጋራ የሚነጋገረው እንዲህ በክረምት ውሃ ነበር።

በኋላ ግን የመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በተዘረጋ ጊዜ ቡናው ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ። ሱዳንም በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነትዋን ስላገኘች የውሉ ዘመን አለቀ፤ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ቡናው የእኛ፥ ወንዙም የእኛ ነበር፤ መርከቡ ግን የሌላ ስለ ነበረ፥ ባለቤቱ በሄደ ጊዜ የወደቡ ሥራ ተፈታ።

ነገር ግን የራስ ንብረት መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ይህንንም የሚያስረዳ ምሳሌ ከሩቅ አገር እናምጣ። የኒው ዮርክ ከተማ እሳት የምታጠፋ መርከብ በ1903 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አሠራ፤ ስምዋም አብራም ኤስ ሂዊት ይባል ነበር፤ ይህም የቀድሞ የከተማው ከንቲባ ስም ነው። በ1904 ጀነራል ስሎከም የተባለው የመንገደኞች መርከብ ተቃጥሎ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፥ ይልቁንም ሴቶችና ሕፃናት በጠፉበት ቀን፥ ለእርዳታ ከደረሱት አንዷ እርስዋ ነበረች። እስከ 1958 ድረስ አገለገለች፤ ከከተማው የእሳት መርከቦችም በድንጋይ ከሰል የምትሠራ የመጨረሻዋ ነበረች። ከዚያም ስታተን በተባለው ደሴት ዳር ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ተሰጠች፤ በጭቃው ውስጥ ዝጋ በስብሳ ቀረች። የራሳቸው ነበረች፥ ብዙም ደከመችላቸው፤ ሥራዋ ባለቀ ጊዜ ግን የሚያስባት አልተገኘም።

እንግዲህ ከሁለቱ ነገር ትምህርት ይገኛል፤ የሰው የሆነው ከባለቤቱ ጋራ ይሄዳል፥ የራስ የሆነውም ካልጠበቁት ይበሰብሳል። የጌጫ ዱር የእኛ ነው፥ ገናም ሕያው ነው። የሸካ አባቶች ዛፍ የማይቈረጥባቸውን ቦታዎች በሥርዓት አክብረው አቈይተውታል፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ይህን ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። መዝገብ ግን ዛፍ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በስፍራው የተሾመው ሹምና በስፍራው የሚኖረው ባላገር ነው። ለባሮ መርከብ ተሸካሚው ውሃ፥ ለውሃውም መያዣው ዱሩ ነበር። መርከብ ቢሰበር ሌላ ይሠራል፤ ደጋው ቢራቈት ግን ወንዙን ሞልቶ የሚያወርድ ጠቢብ አይገኝም።