አምስት የጀርመን ቢራ፣ አንድ የፓዌ ጋን

ልጄ ከጀርመን ስትመጣ ሻንጣዋን አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ ከፈትነው። ከካልሲ፣ ከሹራብና ከፎጣ ውስጥ አምስት የቢራ ጠርሙሶች ወጡ። «ለእማማ ነው» አለችኝ። እማማ የምትላት እናቴን ነው። እናቴ በዕድሜዋ የፋብሪካ ቢራ የቀመሰችው በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው፤ እሱንም አመስግና አታውቅም። ቢሆንም ዝም አልኩ። ከጠርሙሶቹ የከበደ ጉዳይ ይዘን እንደምንሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የምንሄደው እናቴን ከፓዌ አውጥተን አዲስ አበባ ልናመጣት ነው።

ከጥምቀት በኋላ በማለዳ ተነሣን። ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ጋቢ አስለበሰን። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ቻግኒ ሲወረድ ግን ጋቢው ይወልቃል፤ ወደ ግልገል በለስ ሲቀጠል ሹራቡም ይከተላል። ቻግኒ ላይ ቆመን ጌሾ ገዛን። እናቴ በስልክ «አደራ» ያለችን እሱን ብቻ ነበር። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅናትም።

ይህ መንገድ በመተከል በደረሰው ግጭት ለዓመታት የሚያስፈራ መንገድ ነበር። ያኔ በሌሊት ስልክ ሲጠራ ልባችን የሚደነግጥ ቤተሰቦች ብዙ ነን። እናቴን እናውጣት የሚለው ሐሳብም የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። «ይለፍ» እያለች ስታቆየን፣ ዘንድሮ ልጄ «እኔ ራሴ መጥቼ አሳምናታለሁ» አለች።

ፓዌ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በበለስ ሸለቆ የተዘረጋ፣ ማሽላና አኩሪ አተር የሚያበቅል፣ ማንጎ የሞላበት ሞቃት አገር ነው። ለእንግዳ የሚገርመው የመንደሮቹ ስም ነው፤ ስማቸው ቁጥር ነው። ሰው «መንደር እንትን ነኝ» ብሎ ቁጥሩን ይነግርሃል። ቁጥሩን ያወጡት ሠፈራውን ያቀዱት ባለሥልጣናት ናቸው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሸዋና ከሌላም ቦታ ከ80 ሺህ ያላነሰ ሕዝብ አምጥቶ እዚህ አሠፈረ። በኢጣሊያ መንግሥት እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ጫካ ተመነጠረ፣ ትራክተር መጣ፣ ሆስፒታል ተሠራ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ብዙ ሰውም ወደየመጣበት ተመለሰ።

እኛ ከወሎ ስንመጣ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትሄዳላችሁ ተባልን እንጂ ትሄዳላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን አልነበረም። መሬቱ የጉሙዞች ነበር፤ እነሱንም የጠየቃቸው የለም። በመጀመሪያው ክረምት ታናሽ እህቴን ወባ ወሰዳት። ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ ከራሱ ኀዘን ጋር ነበርና እምብዛም የመጣ አልነበረም። በማግሥቱ አንዲት የጉሙዝ ሴት በቅል የማሽላ ጠላ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። አማርኛ አታውቅም፣ እናቴም ጉሙዝኛ አታውቅም። ቅሉን ተቀባብለው ጠጡ፤ አብረው ተቀመጡ። የእናቴና የዚያች ሴት ወዳጅነት የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ በፓዌ መጠጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው አገሩን ይዞ መምጣት ባይችልም ጠመቃውን ይዞ መጥቷል። ልጅ ሆነን ለማኅበር ሲላክን፣ ወሎዬዎቹ ዘንድ ጥቁር ጠላ፣ የደቡብ ሰዎች ዘንድ ወፍራም ቦርዴ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ የገብስ ቀሪቦ ይቀርብልን ነበር። በዚያ መንደር ማን እንደሠፈረ የሚነግረን ቁጥሩ ሳይሆን ጣሳው ነው። ልጄ ይህን ስነግራት «ጀርመንም እንደዚሁ ነው እኮ፤ ከተማ ስትቀይር ቢራ ትቀይራለህ» አለችኝ።

በዚህ ስሜት ነው ለቅምሻ የተቀመጥነው። ጠርሙሶቹን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከእንስራው ሥር አሳደርናቸው። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከማንጎው ዛፍ ሥር እናቴ፣ ልጄ፣ እኔ፣ አክስቴ የምላት ሙስሊም ጎረቤታችንና ያቺ የጉሙዝ ወዳጃችን ተሰበሰብን። ወዳጃችን አሁን አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። የሠፈር ልጆች ማንጎ ተሰጥቷቸው ወደ ጓሮ ተሸኙ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ደብተር አውጥቼ ከአሥር ማርክ ልሰጥ ተዘጋጀሁ።

መጀመሪያ ፒልስ ተከፈተ። ወርቅማ፣ ጥርት ያለ፣ አረፋው ነጭ ነው። ይህ ዓይነት ቢራ በፈረንጆቹ 1842 በቦሔሚያ፣ ፒልሰን ከተማ፣ በአንድ የባቫርያ ጠማቂ እጅ የተወለደ ነው። በእኛ አገር ፋብሪካዎች የሚጠመቁት አብዛኞቹ ቢራዎች የእሱ ዘመዶች ስለሆኑ ለአፌ አዲስ አልሆነብኝም፤ ምሬቱ ግን ከለመድነው ይበረታል። እናቴ አንዴ ተጎነጨችና «ጌሾው በዛ» አለች። ምሬቱ የመጣው ሆፕስ ከሚባለው ተክል መሆኑን ልጄ አስረዳቻት። «እንግዲህ የፈረንጅ ጌሾ በይው» ብላ ጣሳዋን አስቀመጠች። ከእኔ 7፣ ከእናቴ 5።

ሁለተኛው የኮሎኝ ከተማው ኮልሽ ነው። ቀለል ያለ፣ ለስላሳ፣ ለዚህ ሙቀት የተሠራ የሚመስል። ስሙን መጠቀም የሚችሉት በኮሎኝና በአካባቢዋ ያሉ ጠማቂዎች ብቻ ናቸው። ልጄ የነገረችን የአቀራረቡ ወግ ግን ከጣዕሙ በለጠብን። የሚቀርበው በቀጭን፣ ሁለት ዴሲ ሊትር በምትይዝ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆህ ባዶ ሲሆን አስተናጋጁ ሳትጠይቀው ሌላ ያመጣል፤ በቃኝ ለማለት የብርጭቆ ማስቀመጫውን ካርቶን ከላይ መክደን አለብህ። እናቴ ደስ አላት። «እነሱም 'በሞቴ' ይላሉ ማለት ነው?» አለች። እናቴ ቤት ግን ብትከድነውም አይሠራም፤ ክዳኑን አንሥታ ትቀዳልሃለች። ከእኔ 7፣ ከእናቴ ለአስተናጋጁ 10።

ሦስተኛው ቫይስቢር፣ የባቫርያ የስንዴ ቢራ ነው። ደፍረስ ያለ፣ አረፋው እንደ ወተት የቆመ። ሲሸት ሙዝና ቅርንፉድ ነው። ወዳጃችን «ሙዝ ጨምረውበታል» ብላ ተከራከረች፤ ልጄ ግን ሽታው ከእርሾው ብቻ እንደሚመጣ ማለች። እዚህ ላይ የታወቀውን የጀርመኖች የቢራ ሕግ አነሣች። በ1516፣ በእኛ አገር አፄ ልብነ ድንግል ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ የባቫርያ መስፍን ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት አወጀ። ለሕጉ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ስንዴው ለዳቦ እንዲተርፍ ነው።

እናቴ ጣሳዋን ይዛ ቆየች። የ77ን ርሃብ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ እንደ ተረት አይሰማውም። «ጥሩ ገዢ ነበር» አለች። ኋላ የስንዴ ቢራ መጥመቅ የመሳፍንቱ ልዩ መብት መሆኑን ስትሰማ ደግሞ «እንደ ሁልጊዜው» ብላ ሳቀች። አክስቴም ብርጭቆው ውስጥ ያለውን አረፋ አይታ አደነቀች እንጂ አልቀመሰችም። ልጄ እዚያ ከአልኮል ነፃ የሚባል ቢራ እንዳለ፣ ነገር ግን እስከ ግማሽ በመቶ አልኮል ሊኖረው እንደሚችል ስለምታውቅ ለአክስቴ አላመጣችላትም። አክስቴ የራሷን ቀሪቦ በማንቆርቆሪያ ይዛ መጥታ ነበርና ከማንም በፊት ጠጥታ የጨረሰችው እሷ ናት። ለቫይስቢር ከእኔ 8፣ ከእናቴም 8።

አራተኛው ዶፐልቦክ ነው፤ ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም፣ የተቃጠለ ስኳር የሚሸት፣ አልኮሉም ወደ ስምንት በመቶ የሚጠጋ። የሙኒክ መነኮሳት በጾም ወራት አካላቸውን ለማጽናት የጠመቁት ነው፤ «ፈሳሽ ዳቦ» ይሉታል። እናቴ እስከዚህ ድረስ ተስማምታ ነበር። ነገር ግን በጠርሙሱ ላይ ያለው ስም፣ ሳልቫቶር፣ ትርጉሙ «አዳኝ» እንደሆነ ልጄ ስትነግራት አማተበችና መለሰችው። «የመድኃኔ ዓለምን ስም በጠርሙስ!»

«እማዬ፣ ጊዮርጊስ ቢራንስ ስትጠጪ?» አልኳት።

«እሱን አልወደውም አላልኩህም?»

ለዶፐልቦኩ ከእኔ 8፤ ከእናቴ ማርክ የለውም፣ ከፈተና ክፍል ወጥቷል። ለአንባቢም አንድ ማሳሰቢያ፤ ይህ ቢራ ሳይታወቅ የሚጥል ነው። መኪና የሚነዳ ሰው አይቅመሰው። እኔም ያን ቀን ቁልፉን ለእናቴ አስረክቤ ነበር።

አምስተኛው ራውኽቢር፣ ባምበርግ የምትባል ከተማ የጢስ ቢራ ነው። ልጄ የምትሠራበት ኑርንበርግ ለዚያ ቅርብ ነው። ድሮ ብቅል በእሳት ላይ ይደርቅ ስለነበር ቢራ ሁሉ ጢስ ጢስ ይል ነበር ይባላል። ጢስ የሌለው ማድረቂያ ሲመጣ ሌሎቹ ተዉት፤ እነ ሽሌንከርላን የመሰሉ የባምበርግ ጠማቂዎች ግን እስከ ዛሬ ብቅላቸውን ቢች በሚባል ዛፍ እንጨት ጢስ ያደርቃሉ። እኔ ስቀምሰው የተጠበሰ ሥጋ ሸተተኝ። ለእናቴ ምንም ሳንነግራት ቀዳንላት።

ተጎነጨች። ደግማ ተጎነጨች። ከዚያ ጣሳውን ለወዳጇ አቀበለቻት፤ እሷም ቀምሳ መለሰችላት። «ይቺ ጋኗ ታጥኗል» አለች እናቴ። «ያጠነችውስ ማን ናት?»

ልጄ ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጀርመን በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ ማንንም በማታውቅበት ከተማ፣ የሥራ ባልደረቦቿ ባምበርግ ወስደዋት ይህን ቢራ ስትቀምስ የእማማ ቤት እንደሸተታት ነገረችን። አምስቱንም ጠርሙስ ያመጣችው ለዚህ ለአንዱ ስትል ነበር።

እንግዲህ ጊዜው አሁን ነው ብዬ ጉዳዩን አነሣሁ። አዲስ አበባ ያለውን ክፍል፣ ሐኪሙን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ መሆኑን ሁሉ ዘረዘርኩ። ልጄም አገዘችኝ። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችን።

«ስንተኛ ፎቅ ነው?» አለች።

«አራተኛ።»

«እዚያ ጋን ይታጠናል? ጢሱ በየት ይወጣል?»

መልስ አልነበረንም። ቀጠለች። «አንድ ጊዜ ሳልጠየቅ ተነሥቻለሁ። አሁን ስለጠየቃችሁኝ እግዜር ይስጣችሁ። አልሄድም። ልጄ እዚህ ናት።» እጇን የዘረጋችው እህቴ ወደተቀበረችበት ነበር። ከዚያ ወዳጇን እያየች «እሷም በሚመጣው ወር የልጇን ልጅ ትድራለች። ጠላው በእኔ ነው» አለች። በግጭቱ ዓመታት ሁለቱ ሳይተያዩ ቆይተው ነበር። መንገድ ሲከፈት ቀድማ የመጣችው ወዳጇ ናት፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ቅል ይዛ።

ጌሾው ለምን እንዳስፈለጋት የገባኝ ያኔ ነው። ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው ጌሾ አያስገዛም። እኛ የምናሳምናት መስሎን ስንመጣ፣ እሷ የምትቀርበትን ምክንያት በመኪናችን አስጭናን ነበር።

ማታ ልጄና እናቴ ጋኑን አጠቡ። እናቴ ከደጋ የመጣ የወይራ ስንጥር ከጆንያ አውጥታ በገል ላይ አጨሰችው፤ ጋኑን ደፋችበት። ጢሱ ዙሪያውን ሲተናነቅ ልጄ እያስነጠሳት «ስንት ደቂቃ?» ብላ ጠየቀች፤ ስልኳን ለማስታወሻ ይዛለች። እናቴ «እስኪበቃው» አለቻት። እኔም በደብተሬ ለራውኽቢር ከእኔ 9፣ ከእናቴ 9 ብዬ ጻፍኩ። «አንዷስ ለምን ቀረች?» ስላት «ቀዝቅዛለች» አለችኝ።

ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ስልክ በሌሊት ሲጠራ አሁንም እደነግጣለሁ። ግን ወላጁን ከቤቱ ለማንሣት የምታስቡ ልጆች ካላችሁ፣ ክፍሉን ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሄዳችሁ አንድ ከሰዓት ከደጃቸው ተቀመጡ፤ ማን እንደሚመጣ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ እዩ።

ስንመለስ ልጄ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ልትሰበስብ ነበር። ጀርመን አገር ባዶ ጠርሙስ ለመለሰ ስምንት የዩሮ ሳንቲም እንደሚሰጠው ነገረቻት። እናቴ አምስቱንም ታቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ባለፈው ሳምንት ስደውል ሠርጉ በሰላም አልፏል፤ ጠላውም አልቋል። በሳልቫቶሩ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳስቀመጠች ብጠይቃት ጠበል ነው አለችኝ።