ገጹ ሲጨናነቅ ገበያው የደላላ ነው

«ገጹ ለምን እምቢ ይላል?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ እዚሁ ልመልስ። የቴክኒክ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

እዚህ ናይሮቢ በበጎ ፈቃድ የምንሠራው የስደተኞች መረጃ ገጽ ያለው በአንዲት ትንሽ የኪራይ ሰርቨር ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ትበቃናለች። ስለ መልሶ ማስፈር ወሬ የተሰማ ዕለት ግን ከካኩማም፣ ከካምፓላም፣ ባሕር ማዶ ካሉ ዘመዶቻችንም ሁሉም በአንዴ ይከፍተዋል። ሰርቨሯ ለእያንዳንዱ ሰው ዳታቤዙን እየጠየቀች ገጹን እንደ አዲስ ስትሠራ ትንፋሽ ያጥራታል። ያኔ ደላላው ይደውላል። ባለፈው አንዲት እህታችን ገጹ አልከፈት ሲላት የቤት ኪራይዋን ልትሰጠው ነበር፤ ደግነቱ ቀድማ ደወለችልኝ። ዩኤንኤችሲአር ለአገልግሎቱ ገንዘብ እንደማይጠይቅ የጻፍነው ማስጠንቀቂያ ያለው እኮ በዚያው ባልተከፈተው ገጽ ላይ ነው!

መፍትሔው ካሽ ይባላል። እንግዳ ሲበዛ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቡና አይወቀጥም፤ በአንድ ጀበና የፈላው ለሁሉም ይቀዳል። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም አንዴ የተሠራውን ገጽ አስቀምጦ ለቀጣዩ ሰው ያንኑ ይሰጣል። የማቆያ ጊዜውን አንድ ደቂቃ አድርገነዋል። በዚያች ደቂቃ ሺህ ሰው ቢመጣ ሰርቨሯ ሺህ ጊዜ አትደክምም። ዳታቤዙ ቢቆም እንኳ የመጨረሻውን ቅጂ እንዲያሳይ አዘነዋል። ፎቶዎቹ ደግሞ ስልካችሁ ላይ ስለሚቀመጡ በከፈታችሁት ቁጥር ዳታችሁን አይበሉም።

ሁሉም ነገር ግን አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 የገና ዕለት ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ የካሽ አሠራሩ ተሳስቶ የሰዎች የግል ገጽ ለሌላ ሰው ታየ፤ ኩባንያው ጉዳዩ ወደ 34,000 ደንበኞችን ሊነካ እንደሚችል ገልጿል። ለጌም ገዢ ይህ ንዴት ነው። ለእኛ ግን የፋይል ቁጥራችንና አድራሻችን በሸሸነው ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ የሆነው ማስታወቂያ ብቻ ይቀመጣል። የየራሳችሁን ጥያቄ የምታዩበት ገጽ በፍጹም አይቀመጥም፤ እሱ ቢዘገይም ታገሱን።

አዲስ ነገር ወጣ ተብላችሁ ገጹ የቆየውን ካሳያችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ክፈቱት። እስከዚያው ለማንም ሰው አንድ ሽልንግ እንዳትልኩ። ማንበብ ለማይችሉ እናት አባቶቻችንም አንብቡላቸው።